ጋሽ ሰይድ ለዳማ የሰጧት ጨው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ንግግርም ተደረገ፤ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ከወጣቶቹ የእንስሳት ሐኪሞች አንዱ ተነሥቶ፣ «ጋሽ ተክሌ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ካከሟቸው እንስሳት የማይረሱት የትኛውን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የደስታ በሽታ የመንደር ከብት ሲፈጅ በዓይኔ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ስለዚያ የማወራ መስሎት ነበር። እኔ ግን «አንዲት አሮጊት ድመት» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። አልተቀየምኩም። የተቀጠርኩት ለቀንድና ለጋማ ከብት ነው፤ በዕድሜዬ ያስታመምኩት ድመት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም አልዳነችም። ሳቁ ሳይበርድ ምሳ ቀረበና ታሪኩ ሳይነገር ቀረ።

ከነጻነት በኋላ ጀውሃም፣ ከሚሴም፣ አዋሽ በረሃም ተመድቤ ሠርቻለሁ። አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ላም ይፈራ ነበር፤ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት እየጠቆመ ያስከትበን ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ደመወዙ ልጆች አሳድጎልኛልና አልነቅፈውም። ሙያውን ግን ያገኘሁት ከመንግሥት አይደለም። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ጋሽ ሰይድ ከሚባሉ የበቅሎ ነጋዴና የከብት መድኃኒት አዋቂ ነው የተማርኩት።

ከጣርማ በር ወዲያ ከደጋው ወርጄ ሥራ ስፈልግ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም፤ በጾሜ ቀን እትዬ ዘሃራ፣ ባለቤታቸው፣ ወጡን ለብቻ እየሠሩ ያቀርቡልኝ ነበር። በረታቸው ከሮቢ ወንዝ አቅራቢያ ነበር። ከቀወት ገበሬዎች ጀምሮ እስከ አፋር ነጋዴዎች ድረስ የታመመ እንስሳ ያለው ሁሉ ወደዚያ ይነዳል።

ከእጃቸው ልጀምር። ጋሽ ሰይድ አንድን በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁ ነበር። በሮቢት ሙቀት እጅ ማሞቅ! አንድ ቀን ሳቅሁ። «አንተ ሳቅ» አሉኝ። «ቀዝቃዛ እጅ የነካው እንስሳ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ደግሞ በሽታውን ይደብቅሃል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።» ከዚያ ሳይነኩ ያያሉ። መጀመሪያ የሚያዩት እንስሳውን አይደለም፤ የውኃ ገንዳውን ነው። ስንት ጠጣ? ስንት ቀረ? ቀጥሎ ፋንድያውን ያያሉ፤ ቀጥሎ አፉን ያሸታሉ። «ቢስሚላህ» ብለው የሚነኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ባለቤቱ ቆሞ «ይድንልኛል ወይ?» ብሎ ሲያለቅስ እንኳ የማይሆነውን «ይድናል» አይሉም። እኔ አዝኜ አንዱን ገበሬ «አይዞህ፣ ይተርፋል» ያልኩ ቀን ተቆጡኝ። «ለባለቤቱ አትዋሽ። እንስሳው ይሞትና ያርፋል። ባለቤቱ ግን ያልከውን እያሰበ ነው የሚኖረው።»

ዳማ የዚያ በረት ድመት ነበረች። ገና ግልገል ሳለች ከጨው ጭነት ጋር በግመል ጀርባ ከአፋር ወገን መጣች። ጠጉሯ ቀይ ዳማ ስለነበረ ጋሽ ሰይድ የፈረስ ስም አወጡላት። ሥራዋ አይጥ ብቻ አልነበረም። የታመመች በቅሎ እየተወራጨች አላስነካ ስትል፣ ጋሽ ሰይድ ዳማን አንሥተው ጀርባዋ ላይ ያስቀምጧታል። ዳማ ትጠቀለልና ታንኮራፋለች። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታደርግና ታዳምጣለች፤ ትንሽ ቆይታ አንገቷን ትጥላለች። እንዲህ ያለ ማደንዘዣ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ስታረጅም ሥራዋን አልተወችም፤ ከእትዬ ዘሃራ ምጣድ ሥጋ መስረቋንም አልተወች። ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳም።

የጋሽ ሰይድ ትልቁ መድኃኒት ጨው ነበር። ከአፋር የሚመጣውን አሞሌ በቢላ እየፋቁ፣ ከሳ ያለ፣ መብል የተወ እንስሳ ሁሉ ምላስ ላይ ይቀቡ ነበር። ይሠራ ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ። ቆላ ነው፤ ጭነት የተሸከመች በቅሎ ላቧ ጀርባዋ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ጨው ስትቀምስ ውኃ ያምራታል፣ ስትጠጣ መኖ ያምራታል፣ ስትበላ ትነሣለች። በእኛ ዘንድ ውኃ የጠየቀ በሽተኛ ከሞት የተመለሰ በሽተኛ ነው።

ጣልያን ሲገባ በረቱ ባዶ ቀረ። በአቀበቱ ላይ አርበኞችን የሚያሳድድበት የጭነት እንስሳ ፈልጎ የጋሽ ሰይድን በቅሎዎች በሙሉ ነዳቸው። ከእነሱ ጋር ቦራ የምትባለው፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ጋሽ ሰይድ ከልጅነቷ ያሳደጓት በቅሎ ሄደች። ወታደሮቹ በቅሎዎቹን የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ እኔ ተከተልኩ። ሚስቴ አራስ ነበረች፤ ቤቴ ውስጥ አንድ ቁና ማሽላ አልነበረም። ከዚህም ሌላ፣ ያን ጊዜ ለማንም ባልናገረውም፣ በቅሎዎቹ በማያውቃቸው ሰው እጅ ሲመቱ ማሰብ አልቻልኩም። ጋሽ ሰይድ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ባንዳ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ገበያ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሌላ ማንም ቢሰድበኝ ግድ አልነበረኝም። የእሳቸው ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆመ።

የበቅሎ ጣቢያው አጥሩ ሽቦ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ዋናው ሐኪም ሁላችንም «ዶቶሬ» የምንለው አጭር፣ ላብ የማይለቀው፣ ተሳዳቢ ሰው ነበር። ስለ ጣልያን መልካም ለመናገር ብዕሬ አይታዘዝልኝም፤ ይህ ሰው ግን ሥራውን ያውቅ ነበር። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሳይታጠብ አይሄድም። መርፌ አፍልቶ መውጋትን ከሱ ተማርኩ። አንድ ጊዜ የመኮንን ውሻ መጣለት፤ ከስቶ፣ ውኃ ላይ ተደፍቶ የሚውል። አፉን ከፍቶ አሸተተና እኔንም እንዳሸት አደረገኝ። ሽንት ሽንት ይላል። «ኩላሊት ነው፤ ጨው የሚባል እንዳያሳዩት» አለ። ነገሩን በልቤ ያዝኩት።

ጥቂት ቆይቶ ነው እትዬ ዘሃራ ጣቢያው አጥር ዘንድ መጥተው ያስጠሩኝ። መጎናጸፊያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«ተክሌ፣ ዳማ ልትሞትብኝ ነው። ና እያት።»

«ጋሽ ሰይድስ?»

«እሳቸውን ለእኔ ተዋቸው» አሉ።

ስገባ ጋሽ ሰይድ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ማን ጠራው?» አሉ።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ይቺ ፍጥረት እየሞተች የአንቱን ኩርፊያ ሳስታምም አልውልም።»

ዳማ የውኃ ገበቴው አጠገብ ተኝታ ነበር። ጎድኗ ይቆጠራል። ሳላስበው መዳፌን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ጋሽ ሰይድ በዓይናቸው ጠርዝ አይተውኝ ኖሯል። ገበቴውን አየሁ፤ ጎደሎ ነው። እትዬ ዘሃራ «ስሞላው ነው የምውለው» አሉኝ። የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ወደ ቦታው አልተመለሰም። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አፏን አሸተትኩ። ሽንት ሽንት አለኝ። 

«ምን ሰጣችኋት?»

«አሞሌ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ አሁንም ለግድግዳው። «በየጧቱ ምላሷ ላይ እፍቅላታለሁ። ይኸው ውኃ ጀምራለች። ውኃ የጠጣ ደግሞ አይሞትም፣ ኢንሻአላህ።»

ይህን ስሕተት የሚሠራ የቆላ ሰው ብቻ ነው። የደጋ ሰው ለድመት ጨው ማባከን በሕልሙም አይመጣለትም። እሳቸው ግን ለቦራ የሚሰጡትን ከሁሉ የከበረ መድኃኒት ነበር ለዳማ የሰጧት። ስትጠጣ ደስ ይላቸዋል፤ ስትከሳ ደግሞ ጨው ይጨምሩላታል። ገንዳውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ሰው፣ የገዛ ድመታቸውን ገበቴ አይተው ምሥራች ነው ያሉት።

የመኮንኑን ውሻ ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጨው ነው የገደላት ልትለኝ ነው?»

«አልሞተችም፣ ጋሽ ሰይድ። በሽታው ከእርጅና የመጣ ነው። ጨዉ ግን መቆም አለበት። ዶቶሬው ይያት።»

«በጣልያን ደጅ ቆሜ ድመቴን አድንልኝ ልበል? በቅሎዎቼን የነዳውን?»

«ዳማ ጣልያንና ሐበሻ አታውቅም» አሉ እትዬ ዘሃራ። ነጠላቸውን አወጡና ድመቷን ጠቀለሏት። «እርስዎ ይቅሩ። እኔ እወስዳታለሁ።»

ሚስቱን ወታደር ወዳለበት አጥር ብቻዋን የሚሰድ ባል የለም። ጋሽ ሰይድ ተነሡ። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ዳማን ከባለቤታቸው እጅ ተቀብለው፣ በገበያው መሐል በጠራራ ፀሐይ ፊት ፊት ሄዱ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበርና ያላየ የለም።

ጣቢያው ውስጥ በቅሎዎቹ በተርታ ታስረዋል። ሳንደርስ ቦራ አናፋች። ጋሽ ሰይድ ቆሙ። ዳማን በአንድ ክንዳቸው አቅፈው፣ ሌላውን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው አሞቁና የቦራን ጀርባ ነኩ። ከጣርማ በር ጥይት ተሸክማ የተመለሰች ዕለት ነበር፤ ጀርባዋ ገጥቧል፣ ቁስሉ ሥጋዋ ድረስ ገብቷል። ዝንብ ነበረበት። ዝንቡን በመዳፋቸው አባረሩ። 

ዶቶሬው ዳማን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ከጎድኗ ሥር በሁለት ጣቶቹ ፈለገ። እኔንም አስነካኝ፤ ኩላሊቶቿ እንደ ደረቀ ባቄላ አንሰውና ጠጥረው ነበር። ከዚያ ምላሷን ሲያይ የጨዉ ቁስል አገኘ። ተቆጣ። ማን ነው ጨው ሲያበላት የከረመው፣ የትኛው ጅል ነው ጊዜዋን ያሳጠረባት ብሎ ጮኸ። እኔ አንገቴን ደፋሁና መተርጎሙን ተውኩት።

ጋሽ ሰይድ ግን ጨው የነገዱ ሰው ናቸው፤ የጨውን ስም በጣልያንኛ ያውቁታል።

«ተክሌ፣ ጨው የሰጣት ማን ነው ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ በለው።»

«ጋሽ ሰይድ፣ ግድ የለም…»

«በለው! ለሐኪም የዋሸ በሽተኛውን ገደለ።»

ነገርኩት። ዶቶሬው ሽማግሌውን አየ፤ እጁንም ለመታጠብ ሄደ። ሲመለስ ድምፁ ወርዶ ነበር። አትድንም አለ። ግን ጨዉ ቀርቶ፣ ጨው ያልገባበት መረቅና ጉበት ቢሰጣት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑም ከቆዳዋ ሥር ውኃ በመርፌ ቢገባላት፣ ሳትሠቃይ ጥቂት ትቆያለች። ጠርሙሱን አወጣ። ጋሽ ሰይድ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ጨው ያለበት ውኃ ነው አልኳቸው።

ጠርሙሱን በብርሃን አንሥተው አዩት።

«ምን ያህል ጨው?»

ጠየቅሁት። ዶቶሬው ጥቂት አሰበና የዓይኑን ሥር በጣቱ ነካ። የእንባ ያህል።

«እኔ አብዝቼው ነዋ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ ሳስልሳት ከረምኩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮቢት ለሁለት ተከፈለች። «ሰይድ ለድመት ሲል ባንዳ ሆነ» ያለው ይበዛል። በቅሎውን፣ አህያውን ይነዳላቸው የነበረው ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። አንዳንዱ ሰላምታም ነሣቸው። እሳቸው በእኔ ላይ ያደረጉት በእሳቸው ደረሰ። አንድም ቀን ሲማረሩ አልሰማኋቸውም፤ መስጊድ ሄደው ከሁሉ ኋላ ይሰግዱና ይመለሱ ነበር።

እኔ ከሥራ በፊት በጧት እየሄድኩ ዳማን እወጋት ነበር። ጠርሙሱን ጋሽ ሰይድ ይቀበሉኝና ብብታቸው ውስጥ ያሞቁታል። ዶቶሬው ይህን አላስተማረንም። ውኃው ሲሞቅ ዳማ አትወራጭም፤ የትከሻዋ ቆዳ እንደ ትንሽ ከረጢት እየተነፋ ዝም ብላ ትቀበላለች። ሳምንት ሳይሞላ ቀና አለች። ጉበት መብላት ጀመረች። አንድ ቀን ስገባ እትዬ ዘሃራ እየሳቁ ሲረግሟት ሰማሁ፤ ሥጋ ሰርቃ ቆጥ ላይ ወጥታለች። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሌባ ሲመሰገን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በአንደኛው ጧት ጠርሙሱን እያሞቁ፣ «ያን ቃል ያልኩህ ቀን…» አሉና ቆሙ።

«ረስቼዋለሁ፣ ጋሽ ሰይድ።»

«አትዋሽ።»

«አልረሳሁትም» አልኩ።

«እኔም አልረሳሁትም። በቅሎዎቼ ብቻቸውን አለመሄዳቸውን ሳይ ልቤ ደስ አለው። በጠላት ሥራ ደስ ማለቴ ነው ያናደደኝ፤ ንዴቴን አንተ ላይ ተወጣሁት። አውፍ በለኝ።»

መርፌውን ይዤ ስለነበር ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም። አውፍ አልኳቸው።

ክረምቱን እንዲህ አሳለፍን፤ ማሽላውም ደረሰ። ከዚያ እንግሊዝ መጣ የሚል ወሬ ነፈሰና ጣቢያው መታሸግ ጀመረ። ጠርሙሱ አለቀ። ዶቶሬው ከመሄዱ በፊት ዳማን የሚያሳርፋት መድኃኒት አለኝ ብሎኝ ነበር። ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው።  «ነፍሷን የሰጣት ጌታ ይውሰዳት። እኔ እይዛታለሁ» አሉ።

ጣልያኖቹ ሲወጡ መሄድ የሚችሉትን በቅሎዎች ነድተው ያልቻሉትን ጥለው ሄዱ። ቦራ ከተጣሉት ውስጥ ነበረች። ገመዷን ይዤ፣ በየመንገዱ እያሳረፍኩ፣ ወደ አሮጌው በረቷ አመጣኋት። ጋሽ ሰይድ በረቱ ደጃፍ፣ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ዳማን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። መብል ከተወች ቆይታለች። ውኃም ትታለች። ቦራን ሲያዩ ተነሡ፤ ዳማን እንደ ድሮው ጀርባዋ ላይ ሊያስቀምጧት ክንዳቸውን ዘረጉ። ጀርባዋ ግን ቁስል ብቻ ነበር። ክንዳቸውን መለሱ። እንደገና ተቀመጡና ዳማን ከቦራ አፍንጫ ሥር አደረጓት። ቦራ ጎንበስ ብላ ተነፈሰችባት። ዳማ ማንኮራፋት ጀመረች፤ ከወራት ወዲህ ሰምተነው አናውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ቆመ።

እትዬ ዘሃራ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ከላይዋ አላነሡም።

«ተክሌ» አሉኝ። «ጨዉን ባልሰጣት ኖሮ ትኖር ነበር?»

ያን ጊዜ ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸውን አጥተዋል፣ በቅሎዎቻቸውን አጥተዋል፣ አሁን ደግሞ እሷን። «ያው ነበር» ብላቸው ማን ያየኛል? እትዬ ዘሃራ በእንባቸው መሐል እንዳልናገር በዓይናቸው ለመኑኝ።

«አትድንም ነበር፣ ጋሽ ሰይድ» አልኩ። «ግን ከዚህ የበለጠ ትቆይልዎት ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ያስተማርኩህን አልጣልክም» አሉ።

ዳማን በነጠላው ጠቅልለን ቁርቁራው ሥር ቀበርናት። አፈሩን ካለበስን በኋላ ጋሽ ሰይድ ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ጣቢያው ከሄድንበት ቀን ጀምሮ ያልነኩትን አሞሌ ይዘዋል፤ የሚወረውሩት መስሎኝ ነበር። የቦራን ላብ የደረቀበት ጎን አዩ፣ ባዶ ገንዳዋን አዩ፣ አፏን አሸተቱ። ከዚያ መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ አሞቁና «ቢስሚላህ» ብለው ጨዉን ምላሷ ላይ ፋቁላት። እኔ ውኃ ልቀዳ ወደ ወንዝ ወረድኩ።